የተለቀመው ዘር

ልጅ ሳለሁ በእኛ ቤት ተረት የሚጀመረው የሥራ ነገር ሲነሣ ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ጋይንት ውስጥ፣ ከአርብ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ባለች መንደር፣ እኔና እናቴ ከአያቴ ጋር እንኖር ነበር፤ እናቴ ከአባቴ ተፋትታ ወደ አባቷ ቤት ስትመለስ እኔ ገና ጡት አልጣልኩም ነበር። መሬቱም በሬዎቹም የአያቴ ነበሩ። የስንዴውን ዓመት ከእርሻ እስከ አውድማ በሐሳቧ ይዛ የምትዞረው ግን እናቴ ነበረች።

እራት ተበልቶ፣ እሳቱ ወደ ፍም ሲለወጥና የኩራዙ ጢስ ከጣሪያው ሥር ሲንሳፈፍ፣ እናቴ ትጀምራለች።

«አባቴ፣ የታችኛውን ማሳ መቼ ይገምሱታል? የበልጉ ዝናብ ጠብ ሲል ተገምሶ፣ ግንቦት ላይ ተደግሞ፣ ሰኔ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ታርሶ ካልተሠለሰ አረሙ ይቀድመናል። የውኃ መውረጃውንም ዘንድሮ በዘራንበት ቀን እናውጣው፤ አምና ስንዴው እግሩ ውኃ ውስጥ ገብቶ ቢጫ የሆነው በመዘግየታችን ነው።»

አያቴ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ያኔ እናቴ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ምን እንደሚመጣ ታውቃለች።

«አንድ ጅብ ነበር» ይላሉ አያቴ። «ገበሬ ልሁን ብሎ ተነሣ። አህያን ጠራና ‹አንቺ በሬ ትሆኛለሽ› አላት። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ‹በሚያዝያ እገምሳለሁ፣ በግንቦት እደግማለሁ፣ በሰኔ እዘራለሁ፣ በኅዳር አጭዳለሁ› እያለ ሲቆጥር ዋለ። አህያዪቱ ሁሉን ሰምታ ‹ጌታዬ፣ እስከ ኅዳር ድረስ ምን ሊበሉ ነው?› አለችው። ጅቡ ይህን አላሰበበትም ነበር። ቀና ብሎ አያት። እሷም አስተያየቱን አይታ እግሬ አውጪኝ አለች።»

እኔ በሳቅ እንከባለላለሁ። እናቴ ግን «አሁን እኔ ጅቡ ነኝ ወይስ አህያዪቱ?» ትላለች። አያቴ ይስቃሉ፤ ማሳው ግን ሳይገመስ ሌላ ሳምንት ያልፋል። ያኔ እናቴን ጨዋታ የማታውቅ፣ ጨቅጫቃ ሴት አድርጌ ነበር የማያት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያብከነክናት እንክርዳዱ ነበር። እንክርዳድ ከስንዴ መካከል የሚበቅል፣ ቡቃያ ሳለ ከስንዴው የማይለይ፣ ፍሬው ከስንዴ ጋር ከተፈጨ ደግሞ ራስ የሚያዞር ክፉ አረም ነው። ማሳ ውስጥ ከገባ በኋላ መከራ ነውና ዘሩን አስቀድሞ መልቀም ይበጃል። አያቴ በቤተ ክርስቲያን የሰሙትን ይዘው «እንክርዳድን ከስንዴ መለየት የመላእክት ሥራ ነው» ይሉ ነበር።

«መላእክቱ ለሰኔ የሚደርሱልን ከሆነ ሰፌዱን ላቀብላቸው!» ትላለች እናቴ።

መላእክት ስላልመጡ እኔና እሷ ለቀምን። አሥር ዓመት ገደማ ቢሆነኝ ነው። ከፋሲካ በኋላ ጀምረን፣ በየምሽቱ ኩራዙን መሐላችን አድርገን፣ ሰፌድ ላይ አጎንብሰን ፍሬ በፍሬ ስንለይ ግንቦት አለቀ። እንክርዳዱ ቀጠን ያለ፣ ፈዘዝ ያለ ነው፤ ዓይኔ እስኪያለቅስ አፈጥ ነበር። አያቴ ከመደቡ ላይ ሆነው ተረት ያወጋሉ እንጂ እጃቸው ወደ ሰፌዱ አይመጣም። በመጨረሻ ሁለት አቁማዳ ሙሉ ንጹሕ ዘር ወጣልን። እናቴ ከጎታው ኋላ አስቀምጣ ገለባ አለበሰችው።

በዚያው ሰሞን እስቴ አገር የተዳረችው አክስቴ ወልዳ እናቴ ልትጠይቃት ተነሣች። ስትወጣ በሩ ላይ ያዘችኝና «ብርቄ፣ ዘሩ ያለበትን ከእኔና ካንቺ ሌላ የሚያውቅ የለም። ሚካኤል ባለፈ በሳምንቱ እመጣና ይዘራል። አደራ!» አለችኝ። እሺ አልኩ።

የሰኔ ሚካኤል ማኅበር ተራው የአያቴ ነበር። በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ማታ፣ የንጉሥን ልጅ ተረት ጀመሩልኝ። ልጅቱ ሦስት የጋብቻ ጠያቂ መጥቶላት ለሦስተኛው መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት፣ አያቴ ተረቱን አቋረጡ። ፍሙን በእንጨት እየነካኩ፣

«ብርቄ፣ እናትሽ ያን የተለቀመ ስንዴ የት አኖረችው?» አሉኝ።

«ለዘር ነው እኮ፣ አባባ።»

«ለሚካኤል እንክርዳድ ያለበት ዳቦ ልናቀርብ ነው? ዘር ጎታ ሙሉ አለ። በይ አሳዪኝና ልጅቱ ምን ብላ እንደ መለሰች ልንገርሽ።»

አደራው ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም። ትዝ ብሎኛል፤ የእናቴ ፊት ሁሉ ታይቶኛል። ግን ልጅቱ ምን እንዳለች ማወቅ ነበረብኝ። ተነሥቼ ገለባውን ገለጥኩላቸው። ያኔውኑ የጎረቤት ሴቶች ተጠሩ፣ ስለ ወፍጮው ወሬ ተጀመረ፣ ተረቱም እዚያው ቀረ።

ዳቦው እንደ ጥጥ ነጣ። ማኅበርተኛው ሁሉ «እንዲህ ያለ ዳቦ ቀምሰን አናውቅም!» እያለ አያቴን መረቀ። እሳቸውም አሜን፣ አሜን አሉ።

እናቴ በሳምንቱ መጣች። ከመንገድ እንደ ገባች፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ወደ ጎታው ኋላ ሄደች። ከዚያ ባዶዎቹን አቁማዳዎች በእጇ ይዛ ወጣች። ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ መደቡ ላይ ቁጭ አለች።

«ማን አሳየዎት?» አለች።

አያቴ እሳቱን ያያሉ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ነገሩን ሁሉ፣ የንጉሡን ልጅ ሳይቀር፣ እያለቀስኩ ነገርኳት።

አየችኝና «ተረቱ አለቀልሽ ወይ?» አለችኝ።

«አላለቀም።»

«አያልቅም» አለች፤ ተነሥታም ወጣች። በዱላ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ለመልቀም ጊዜ አልነበረምና ያልተለቀመው ተዘራ። በክረምቱ ጭቃ ውስጥ ተንበርክከን ሁለት ጊዜ አረምን፤ ሲናር የሚባለውን አረምም ሌላውንም ነቀልን፤ እንክርዳዱ ግን ስንዴ መስሎ ይስቅብናል። መስከረም አልፎ ዛላው ሲወጣ ለየነው፤ ያኔ ደግሞ ከማሳው እኩሌታ የሚሆነው እንክርዳድ ነበር። የቻልነውን ነቅለን፣ የቀረው ተቀላቅሎ አውድማ ወረደ። በዚያ ዓመት የምንበላውን እንኳ እየለቀምን ነበር የምንፈጨው።

ጥር ላይ እናቴ ገበያ በወረደችበት አርብ፣ አያቴ መልቀሙን መጠበቅ ሰልችቷቸው ያልተለቀመውን ለጎረቤት ሰጥተው አስፈጩ፣ አስጋገሩም። ለእኔ ቁራሽ ሰጥተው የቀረውን ከነትኩሱ በሉ። አመሻሽ ላይ ተረት ጀመሩ። በሬው ንጉሥ ሆነ፤ ንጉሡ ሣር በላ። መጀመሪያ አዲስ ተረት መስሎኝ ሳቅሁ። ከዚያ ምሰሶውን ጭምቅ አድርገው ይዘው፣ «ቤቱ ምን ሆኖ ነው የሚዞረው?» አሉ። ምላሳቸው ተሳስሯል። የእኔም ራስ ከብዶ ፍሙ ሁለት ሆኖ ይታየኝ ነበር። ሊሞቱብኝ ነው ብዬ ደጅ ወጥቼ ስጮኽ እናቴ ከገበያ ደረሰች። የተረፈውን ዳቦ አየች፣ ቆርሳ አሸተተች፣ «እግዚኦ!» አለች። ደግፋ አስተኛቻቸው፤ ሲያስመልሳቸውም ግንባራቸውን ይዛ አብራቸው አነጋች። እየረገመቻቸውም ነበር፤ አንዱንም ተዪ አላልኳትም።

ጠዋት አያቴ ፊታቸው አመድ መስሎ ተቀመጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ተረት ጠብቄ ነበር።

«እንጉዳይ» አሉ እናቴን በስሟ፣ «ማሳው መቼ ይገመስ ትያለሽ?»

እናቴ ዓመቱን ሙሉ ዘረዘረችላቸው። አያቴ እያጉረመረሙ ቢሆንም ባለችው ቀን ገመሱ፣ ደገሙ፣ ሠለሱ። ዘሩን አብረውን ለቀሙ፤ ዓይናቸው ደከም ስላለ ስንዴውንም አብረው ይጥሉት ነበርና እኔ ከኋላቸው እየለቀምኩ እመልሰው ነበር። ውኃ መውረጃው በዘራንበት ቀን ወጣ። ኅዳር ላይ የታችኛው ማሳ ንጹሕ ወርቅ ሆኖ ቆመ፤ መንገደኛ ሁሉ እየቆመ ያየው ነበር።

ከመከሩ በኋላ ጎረቤት ቤት ክርስትና ተጠራን። ሰዉ ስለ ስንዴው ሲጠይቃቸው አያቴ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ዘሩን እንዴት እንዳስለቀሙ፣ ሦስቴ ማረስ እንደሚገባ እንዴት እንዳወቁ፣ ቦዩን በየት በኩል እንደ ቀደዱት ተረኩ። ጥሩ አድርገው ተረኩት። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እናቴ ጥግ ሆና ጠላ ትቀዳለች። እኔ መቻል አቃተኝ።

«እማዬ ናት እኮ ያለችው! ሁሉንም እሷ ናት!»

 ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። አያቴ ዞር ብለው እኔን አዩ፣ እናቴን አዩ፣ ጠላቸውን አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉ።

«እሷም ነበረች» አሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ «‹ነበረች!›» ትላለች፤ ጥቂት ትራመድና ቆማ «‹ነበረች!›» ትላለች። በመጨረሻ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

ሁለቱም ካረፉ ቆይተዋል። እኔ ይህን ለልጆቼ የምነግራቸው እናቴን እንዲያውቋት ነው፤ ወገቧ ጎብጦ ያረመችውን፣ ዓይኗ ደክሞ የለቀመችውን እንዲያውቁላት። ያደምጡኛል፤ ደህና አድርገው ያደምጡኛል። ስጨርስ ግን ሁሌም የሚጠይቁኝ አንድ ነው፦ «ከዚያስ፣ አያትሽ ምን አሉ?»