እግሩን ብቻ የተቀጠረው ጥሩነህ

ጥሩነህ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ መሀል ባለ የመኪና ማቆሚያ የሰው መኪና ሲያስገባና ሲያወጣ የሚውል፣ ሰውን ሁሉ ግን ቁልቁል የሚያይ ሰው ነበር። አዲስ አበባ ሳለ ለአንድ የሁለተኛ ዲቪዚዮን የእግር ኳስ ቡድን ተጠባባቂ ሆኖ ተጫውቷል፤ ሲያወራው ግን ተጠባባቂነቱን ይዘላታል። በዘጠናዎቹ አጋማሽ አንድ እሑድ መናፈሻ ውስጥ ኳስ ሲለጋ ያየው አውስትራሊያዊ አሠልጣኝ፣ ፔሊካንስ ለሚባል የራግቢ ክለብ ቀጠረው። የቀጠረው ቀኝ እግሩን ነው ቢባል ይቀላል፤ ከዚያ የተረፈው ጥሩነህ ለማንም አይፈለግም ነበር።

እሱ ደግሞ ጨዋታውን ከመጀመሪያው ቀን ናቀው። እንቁላል የመሰለች ኳስ ታቅፎ መሮጥ፣ የሮጠውን ወገቡን ይዞ መጣል፣ ተያይዞ ጭቃ ላይ መንከባለል! የቡድኑ ሰው መሥመሩን አልፎ ኳሷን መሬት አስነክቶ ነጥብ ሲያስቆጥር፣ ጥሩነህ ይመጣና በሁለቱ ረጃጅም እንጨቶች መሀል ይለጋታል። ከዚያ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይቆማል። ሌሎቹ አፈር ለብሰው ሲወጡ የእሱ ማሊያ ከሱቅ እንደመጣ ነው።

«ከብቶች ናቸው» ይላታል ሚስቱን ሀረገወይንን። «ያ ካፒቴኑ ሲኦኔ፣ ከቶንጋ ደሴቶች የመጣው ሰውዬ፣ አንገት የለውም እኮ! እኔ ባልኖር አንድ ጌም ዊን አያደርጉም።»

ሀረገወይንም ምስኪን አመነችው። በርክሌ፣ በምትሠራበት ሆስፒታል፣ ስለ ባሏ ያላወራችለት ነርስ አልነበረም።

በሊጉ ፔሊካንስ ተንገዳግደው አራተኛ ወጡ። ሲሸነፉ ጥፋቱ የከብቶቹ፣ ሲያሸንፉ ድሉ የእግሩ ነበር። በዋንጫው ግን ማንም ሳይጠብቃቸው ለፍጻሜ ደረሱ። አሠልጣኙም ጥሩነህን ጠርቶ፣ ዋንጫውን ካነሳችሁ ለሚቀጥለው ዓመት የሙሉ ጊዜ ኮንትራት እሰጥሃለሁ አለው። ከመኪና ማቆሚያው የሚገላግለው ይኸው ብቻ ነበር። አለቃውን ምን ብሎ አዋርዶ እንደሚሰናበተው እንኳ መስተዋት ፊት ቆሞ ተለማመደ፤ እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ፍጻሜው ሳን ሆዜ ነበር። ሀረገወይንም ለመጀመሪያ ጊዜ ልታየው መጣች። ፔሊካንስ በሁለት ነጥብ እየመሩ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ ከሳን ሆዜዎቹ አንዱ ኳሷን ታቅፎ አመለጠ። ከፊቱ የቀረው ጥሩነህ ብቻ ነው። ሲኦኔ ከኋላ እየጮኸ ይሮጣል። ጥሩነህ የሚመጣበትን ሰው ጉልበት አየና ፈራ። ፈሪ መሆኑን እስከዚያች ቅጽበት ለራሱ እንኳ ነግሮ አያውቅም። ፈቀቅ አለና አሳለፈው። ኳሷ ከመሥመሩ ማዶ መሬት ነካች፣ ፊሽካ ተነፋ፣ ዋንጫውም ኮንትራቱም አብረው ሄዱ።

ስድብ ሲጠብቅ፣ አፍንጫው የሚደማው ሲኦኔ መጥቶ ትከሻውን ያዘው። «ይቅርታ» አለው በእንግሊዝኛ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። አንተ ሰው ይዘህ እንደማትጥል እናውቃለን። ዓመቱን ሙሉ አንተን መሸፈን የኔ ሥራ ነበር፤ ዛሬ አልደረስኩም።»

ቢሰድበው ይሻለው ነበር። የናቃቸው ሰዎች ለካ ተሸክመውት ኖረዋል፤ ያውም ምንም ሳይሉት።

ወደ ኦክላንድ ሲመለሱ መኪናውን የምትነዳው ሀረገወይን ናት። ጥሩነህ «ይሄ ደግሞ ጨዋታ ነው? የከብት ግፊያ!» እያለ ያጉረመርማል።

«አባቴ ሊጠይቁን ሲመጡ እንኳ ዛሬ ለዚያ ሯጭ እንደለቀቅክለት ቦታ አትለቅላቸውም» አለችው።

«ካፒቴኑ ራሱ ሶሪ ብሎኛል!»

«እሱ? ላንተ? ለምኑ?»

ፍሪሞንት ከተማን እስኪያልፉ ውሸት ሲፈልግ ቆየ። ለዚህ የሚሆን አላገኘም። በመጨረሻ በመስኮቱ በኩል እያየ፣ ሲኦኔ ያለውን አንድም ሳያስቀር ነገራት።



«ታዲያ አመሰገንከው?» አለችው።

አላመሰገነውም።