ፀሐይ ረግታ የዋለችበት ወረቀት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ስንት ዓመት ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ጾም መሻሬን ስዘረዝር፣ ይቺን ብቻ ውጫት ተነሥቻለሁ።

የደቡብ ሱዳን ነጻነት ሊታወጅ ጥቂት ሲቀረው፣ ጁባ ንያኩሮን ሰፈር ከልጅ ልጄ ከትርሲት ጋር ነበር የምኖረው። እሷ አየር መንገድ ቢሮ ትሠራለች፤ ከሥራ ስትመለስ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ትዘረጋለች። የፀሐይ ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና ተበትኖ በመስመር የተሣለበት ወረቀት ነው። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል እንኳ ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ስታስረዳኝ ግን ይገባኝ ነበር። ፀሐይ አንዳንዴ ድንገት ትፈነዳለች፤ ያን ጊዜ አንዳንዱ መስመር ይደምቃል። ሌሎቹ ከዋክብትም ይፈነዳሉ፤ ግን ሩቅ ናቸውና ከነጥብ በቀር አይታዩም። ስለዚህ የቅርቢቱን ፀሐይ ፍንዳታ አጥንታ የነዚያን ልታነብበት ነው።

"ይቺስ? ምንም የላትም" አልኳት አንድ ቀን፣ አንዷን ወረቀት አንሥቼ።

"እማማ፣ እሷን እንዳትነኪብኝ! ፀሐይ ረግታ የዋለችበት ቀን ናት። ከሌሎቹ ላይ እሷን ካልቀነስኩ፣ ፍንዳታው ምን እንደጨመረ በምን አውቃለሁ?" ሳቀች። "ጎበዝ ነሽ ግን፤ ዋናዋን መረጥሽ።"

ዋናዋን አወቅሁ። ምነው ባላወቅሁ!

ሥራው አዲስ አበባ ላለው መምህሯ በቀኑ ከደረሰ፣ ውጭ አገር ሄዳ ልትማር ነው። ኮምፒውተሯን ጄኔሬተሩ አቃጥሎባት የታተሙት ወረቀቶች ብቻ ቀርተዋታል። ፖስታ ቤት የለ፤ እንደ ወጋችን በሰው እጅ መላክ ነው። ጁባ ታውን የመኪና ዕቃ የሚሸጠው ገበየሁ በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ይበር ነበር። ዙረት እንደምወድ ታውቃለችና "እግረ መንገድሽን አድርሺልኝ" ብላ የታሸገውን ፖስታ ሰጠችኝ።

መንገድ ላይ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ብትሄድ ማን አለኝ ብዬ ነው? አዎ፣ ብዬ ነው። ፖስታውን ከፈትኩ። ያቺን ወረቀት አወጣሁ። እኔ ነኝ ያወጣኋት። በምራቄ መልሼ አሽጌ ለገበየሁ ሰጠሁት።

"ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም እማማ! ቦርሳዬን እጥላለሁ እንጂ ይሄን አልጥልም" አለኝ። እንዳለውም አደረሰ።

መምህሯ አንዷ ወረቀት እንደጎደለች በስልክ ሲነግራት ቀኑ አልፏል። ትርሲት እኔን አስከትላ ገበየሁ ሱቅ ሄደች። በገበያተኛው ፊት "ከፍተህ በታትነኸዋል!" አለችው።

"እኔ? እማማ፣ እርስዎ ይመስክሩ እንጂ! ታሽጎ አይደል የሰጡኝ?"

"እንጃ ልጄ" አልኩት።

እንጃ! እያወቅሁ እንጃ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ያገሬ ሰው አንዲት ደብዳቤ እንኳ በገበየሁ እጅ አልላከም።

ትርሲት አልሄደችም። ስታለቅስ ጸጉሯን የዳበስኩት እኔው ነኝ። ምን ታድርግ? ከእኔ የምታውቀው የረጋውን ፊቴን ብቻ ነው።

ብቸኝነት ነው አልልም። እርጅና ነው አልልም። ወረቀቷ ሣጥኔ ውስጥ አለች፤ ከዚህ ጽሑፍ ጋር ለትርሲት እሰጣታለሁ። መጀመሪያ የምሄደው ግን ገበየሁ ሱቅ ነው፤ ገበያተኛው እስኪሞላ ደጃፉ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።