ስክሪን የሞላው መልአክ

ማንበብ የለመድኩት በአርባ ዓመቴ ነው፣ የልጄ እኩያ የሆነ አስተማሪ ፊት ቁጭ ብዬ። ላፕቶፕ የነካሁት ደግሞ ከዚያም በኋላ፣ ተገድጄ። የአንዲት ደብረ ኤልያስ አጠገብ ያለች ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች፣ «ዘንድሮ ሥዕል የሚያምረው ታትሞ ነው፤ በኮምፒውተር ካልሠራህ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አሉኝ። ግድግዳቸው ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ በአቡጀዲ ጨርቅ እየሳልኩ የለጠፍኩላቸው እኔ ነኝ። ከዚያች ግድግዳ በቀር የሚፈልገኝ ቦታ አልነበረም። ሚስቴ ጥላኝ ሄዳለች፤ አልፈርድባትም አልልም፣ እፈርድባታለሁ። ልጆቼ የሚደውሉት ሰው ሲሞት ነው።

በእጄ ስሠራ በክንድ ነበር የምለካው። አቡጀዲውን በግድግዳው ልክ እሰፋለሁ፣ እወጥራለሁ፣ ከዚያ እስላለሁ። ኮምፒውተር ላይ ክንድ የለም። አዲስ ገጽ ስከፍት የገጹን መጠን ይጠይቀኛል፤ ቁጥሩን አነበዋለሁ፣ አልገባኝም፣ አልፈዋለሁ። ያዘዙኝ መልአክ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ከሞላ ትልቅ ነው ብዬ ሁለት ወር ክንፉን ላባ በላባ ሳልኩት። በሁለቱ ወር ያናገርኩት ሰው ቢኖር ባለሱቁን ነው፤ እሱም «ምን ልስጥህ?» ከማለት አላለፈም።

ማርቆስ ከተማ፣ ማተሚያ ቤት ያገኘኋት ልጅ ሥዕሉን ከፍታ አየችው።

«ጋሼ፣ ቁመቱ ስንት ይሁን?»

«ስድስት ክንድ።»

ሳቀች። «ይቺ እኮ ጠርታ ከታተመች መዳፍዎን አታክልም። የኮምፒውተር ሥዕል ከነጥብ ነው የሚሠራው፤ ያላት ነጥብ ለዚያ ብቻ ነው የሚበቃው። መጠኑን ሲጀምሩ ነበር መስጠት።»

«ወጥሪያት!»

«አቡጀዲ መሰለችዎት? ብለጥጣት ነጥብ አይጨመርም፤ ያለው ነው የሚያብጠው። ኋላ ይቆጡኛል።»

«አንቺ ሳትወለጂ ስስል ነበር። አትሚው ብያለሁ!»

አተመችው።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሣር ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ዘረጋነው። የመልአኩ ዓይን የጡብ ክምር ሆኗል፣ ከንፈሩ ደረጃ ደረጃ። መሪጌታው ጎንበስ ብለው ተመለከቱት።

«ምነው፣ መልአኩን ፈንጣጣ ያዘው?»

«ራቅ ብለው ይዩት» አልኩ።

«ከሩቅማ አንተም ታምራለህ።»

ሁሉም ሳቁ። በወሩ ከአዲስ አበባ ሌላ መልአክ አሳትመው አመጡ። የሚለጥፈው ሲጠፋ እኔኑ አስጠሩኝ፤ ሙጫ የማውቀው እኔ ነኛ። ሄድኩ። ባልሄድ ማን ያናግረኛል?

መሰላል ላይ ሆኜ አፍንጫዬን አዲሱ መልአክ ዓይን ላይ ደቅኜ ያበጠ ነጥብ ፈለግሁ። የለም። ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የሠራው ሰው ከመጀመሪያው ቀን ግድግዳውን አስቦ ነበር።

«ቀጥ ብሏል?» ብዬ ወደ ታች ጮህኩ።

 ሁሉም ደጀ ሰላም ገብተው ጠላ ይጠጣሉ። ወረድኩና ራቅ ብዬ ራሴ አየሁት። ቀጥ ብሏል።