የአባቴ ሰንጠረዥና የወንድሜ ዘንዶ

አባቴ ሸማኔ ነበሩ፤ የሚሠሩት ግን ጥጥ ሳይሆን የበግ ጸጉር ነው። ሞላሌ ውስጥ እሳቸው የሠሩትን ዝተት ለብሶ ያልተኛ ሰው ጥቂት ነው። ከእጃቸው ከወጣው ሁሉ ገበያ ያላወጡት ግን አንድ ነገር ነበር፤ የሰንጠረዥ ገበታቸው። ነጭ የበግ ጸጉር ላይ በጥቁር ጸጉር መስመር አውጥተውለት፣ ተጠቅልሎ ብብት ውስጥ ይገባል። ንጉሡንም፣ ፈረሱንም፣ እግረኛውንም ከወይራና ከቀንድ የጠረቡት ራሳቸው ናቸው። አንዱ ፈረስ ጆሮ የለውም፤ ወንድሜ ጥርስ ሲያወጣ አኝኮታል።

መጀመሪያ የሚገጥሟቸው የደብሩ መሪጌታ ነበሩ። መሪጌታው ሲሞቱ አባቴ ገበታውን ጠቅልለው ከምሰሶው ላይ ሰቀሉት። በኋላ አውርደው ለእኔና ለወንድሜ ያስተማሩን ሌላ ሰው ቢያጡ ነው። "ሴት ልጅ ደግሞ ሰንጠረዥ ምን ያደርግላታል?" ላላቸው ጎረቤት፣ "ታዲያ ከግድግዳው ጋር ልጫወት?" ብለው መልሰውለታል። እኔም ጎበዝ ተጫዋች ሆንኩ። ወንድሜ ሲሸነፍ ያለቅስ ስለነበር አንዳንዴ እያወቅሁ እሸነፍለት ነበር።

እናታችን እሱን ወልዳ ብዙ አልቆየችም፤ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ትዳሬ ፈርሶ ወደ አባቴ ቤት ስመለስ እሱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነበር። ከዚያ አባቴ አረፉ። በዚያ ቤት የቀረሁት ጸጉር እየፈተልኩ ከእንዝርቴ ጋር የማወራ ሴትዮ ሆኜ ነው። በዚህ ዓለም ላይ የኔ የምለው ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ኮምፒውተር አጥንቶ ተመረቀ፤ ግን አዲስ አበባ ከጓደኞቹ ጋር ተዳብሎ ሥራ ሲፈልግ ከረመ። ለፋሲካ እመጣለሁ ሲለኝ ልቤ ዘለለች፤ ምክንያቱም ያን ሰሞን ወረዳችን የኮምፒውተር ባለሙያ ይፈልግ ነበር። የቀበሌያችንን ሊቀ መንበር "ልጁ ይምጣና ያመልክት" እስኪሉኝ ድረስ ደጅ ጠንቻቸዋለሁ። በአንድ ለአምስት ስብሰባ ከበሩ ሥር ተቀምጬ የማንቀላፋዋ ሴት፣ ለዚህ ስል ከፊት ተቀምጬ አጨብጭቤያለሁ። የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፤ ወንድሜ እንዲቀርልኝ። ገበታውን አነጥፋለሁ፣ እንጫወታለን፣ አባቱን ያስታውሳል፣ ቤቱ ይናፍቀዋል፣ ከዚያ ይቀራል። እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

በበዓሉ ዕለት በልተን ስናበቃ ገበታውን አነጠፍኩ። እሱ አንዴ ዳሰስ አደረገውና "ኧረ እትዬ፣ እሱን ቆይው፤ አንድ ጉድ ላሳይሽ" ብሎ ከቦርሳው ላፕቶፑን አወጣ።

ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ ያየሁት ጉም ነው። አገሩ በሙሉ በጉም ተሸፍኗል፤ የሚገለጠው ወታደር የረገጠው ቦታ ብቻ ነው። "ይሄማ የኛው ነሐሴ ነው" አልኩት። ከጉሙ ውስጥ ግንብ ብቅ አለ፤ ቀጥሎ ጺማም ጠንቋይ፤ ቀጥሎ ክንፍ ያለው እሳት የሚተፋ ዘንዶ። እኔ አማተብኩ።

"ዘንዶው እኮ ያንቺ ነው፤ አንቺን ነው የሚያገለግለው" አለኝ እየሳቀ።

"ቅዱስ ጊዮርጊስ የወጋውን እኔ ልቀልብ?"

እሱ ግን የዋዛ አልነበረም። የቱን ስጫን ወታደሩ እንደሚሄድ፣ የቱን ስጫን ተራዬን እንደምጨርስ፣ ማሽኑ እንዴት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ እጄን ይዞ አስተማረኝ። ስሳሳት ደገመልኝ። ስሰለች "በቃ ትንሽ ነው የቀረሽ" እያለ አባበለኝ። ልጅ ሆኖ ትዕግሥት የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ወንድሜ፣ እንዲህ ሲታገሰኝ ደስ አለኝ። ከእኔ ጋር መዋል ፈልጎ መሰለኝ።

እውነቱን ለመናገር ጨዋታው መጥፎ አይደለም። ሥዕሉ ያምራል፤ ገደሉ፣ ወንዙ፣ የግንቡ በር ሁሉ አለ። የአባቴ ገበታ ለማያውቀው ሰው ሠላሳ ሁለት ቁራጭ እንጨትና ቀንድ ነው፤ ፈረሱም ጆሮ የለውም። ግን በአባቴ ገበታ ላይ የሚደበቅ ነገር የለም፤ ባላጋራህ ያለውን ሁሉ ታያለህ፣ ያንተንም ያያል። በዚህኛው ጠላት ከጉም ውስጥ ምን እያደራጀ እንደሆነ ሳታውቅ ትከርማለህ።

የሰንጠረዥ ጣፋጩ ደግሞ መጀመሪያው ነው። ወረራ ይባላል። ተራ መጠበቅ የለም፤ የመጀመሪያው ወታደር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች እንደፈለጉ፣ እኩል፣ በጥድፊያ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። እጅና እጅ ይጋጫል፤ ተመልካቹም "ፈረስህን! ፈረስህን!" እያለ ይጮኻል፤ መምከር አይከለከልም። በወንድሜ ጨዋታ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተራ በተራ ነው። እኔ ጨርሼ ጠላት ሲያስብ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። "ታዲያ መቼ ነው የሚሞቀው?" ብዬ አሳቅሁት።

በማግስቱ ብቻዬን እንድሞክር ለቀቀልኝ። ግንቦቹን አንድ በአንድ ያዝኩ፤ የጠላት ጦር አለቀ፤ አንዲት ግንብ ከጥቂት ዘበኞች ጋር ቀረች። እዚያ ላይ አቆምኩ።

"ጨርሻት እንጂ!" አለ ወንድሜ።

"ነውር አይደለም እንዴ?"

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ በአባቴ ሰንጠረዥ ግን እንደዚያ አይደለም። ያለው ሁሉ ተበልቶበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይሸነፍም፤ ጨዋታው እኩል ለእኩል ይፈርሳል። ስለዚህ አሸናፊ ለመባል የፈለገ ሰው ለባላጋራው የሆነ ነገር ይተውለታል። እኔም በዚያው ልማዴ ግንቧን ትቼ ሠራዊቴን መለስኩ። ማሽኑ ውለታ አያውቅም። እዚያች ግንብ ውስጥ ዘንዶ ተፈልፍሎ መጣና ከተሞቼን አመድ አደረጋቸው። ወንድሜ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "አባባ ቢያዩሽ!" አለኝ።

"ለመሆኑ ይሄ የሚዋጋኝ ማነው?" አልኩት ቆይቼ።

"ማንም አይደለም፤ ማሽኑ ራሱ ነው።"

"ሌላ ሰው አያስፈልግም?"

"አያስፈልግም። ደጉ ነገሩ እሱ ነው፤ ብቻሽን ትጫወቻለሽ።"

ደጉ ነገሩ ያለው ለእኔ ክፉ ሆኖ ተሰማኝ፤ ግን በዓል ነውና ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። ስለ ወረዳው ሥራ ባነሳሁ ቁጥር "እናያለን እትዬ" ይለኛል። እምቢ ቢለኝ እጣላው ነበር፤ እናያለን ከሚል ሰው ጋር ግን እንዴት ይጣሏል? አመልክት ብዬ ወረቀቶቹን እንዲያወጣ ስጨቀጭቀው ከማሽኑ ቀና ሳይል "ነገ" አለኝ።

ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ከሰዓት በኋላ ገበታውን እንደገና አነጠፍኩ። አሁን እንኳ እምቢ አላለኝም። ተቀመጠ፤ እሱ የቀንዱን፣ እኔ የወይራውን ደረደርን። እኔ እንደለመድኩት ዘልዬ ወረራውን ጀመርኩ፤ ፈረሶቼን አወጣሁ፣ እግረኞቼን ገፋሁ። ቀና ስል አንድ እግረኛ ብቻ ወደፊት ገፍቶ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

"ምን ትጠብቃለህ?"

"ተራዬን ነዋ" አለኝ።

"በወረራ ምን ተራ አለ! ጉድ ነው! ረሳኸው?"

ፈገግ ብሎ አንድ ሁለቱን አንቀሳቀሰ። የእኔ ፈረስ የእሱን እግረኛ ሲበላ እንኳ አልተቆጣም። በልጅነቱ አንዲት እግረኛ ስበላበት ገበታውን የሚገለብጠው ልጅ፣ ንጉሡ ሲያዝበት "ጎበዝ" ብሎኝ ተነሣ። ማሸነፌ አስለቀሰኝ። እሱ ሳያየኝ ወደ ጓዳ ገባሁ።

በነጋታው መናኸሪያ ሸኘሁት። የደብረ ብርሃኑ አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቶ ሰው ይጭናል። ትከሻው ላይ ያለው ቦርሳ ቀለል አለብኝና "ኮምፒውተርህን ረሳህ! ቆይ ሮጬ ላምጣልህ" አልኩት።

"አልረሳሁትም፤ ላንቺ ነው" አለኝ። "እኔ በምሄድበት መንገድ አይያዝም።"

"የት ነው የምትሄደው?"

ልጅ ሳለ እንደሚያደርገው አንገቴ ሥር ገብቶ ሳመኝ። ረዳቱ "ግባ ግባ" አለው፤ ገባ። አውቶቡሱ ወጥቶ አቧራው እስኪበርድ እዚያው ቆምኩ። እንጀራ ፍለጋ በመተማ በኩል ስለሚወጡት ልጆች ከየቤቱ እሰማ ነበር፤ የኔ ልጅ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ያን ሁሉ ትዕግሥት፣ ክፈቺው ዝጊው፣ ብቻሽን ሞክሪው ያለኝን ሁሉ ያኔ ነው የገባኝ። ብቻዬን ሊተወኝ ቆርጦ፣ የሚገጥመኝ ሊያስቀምጥልኝ ነው የመጣው። ሊቀ መንበሩ መንገድ ላይ አግኝተውኝ "ልጁስ?" ሲሉኝ "እናያለን ብሏል" አልኳቸው።

ብዙ ጊዜ ቆይቶ ከካርቱም ደወለልኝ። መስመሩ ይቆራረጣል፤ ከኋላው የሰው ጫጫታ አለ።

"ጨዋታው እንዴት ነው እትዬ? አሸነፍሽው?" አለኝ።

ስንት ልለው ያሰብኩት ነገር ነበር፤ በልተሃል ወይ፣ የት ታድራለህ፣ ከማን ጋር ነህ። ከአፌ የወጣው ግን ቁጣ ነው። "ማሽንህን አልፈልግም! እኔ የምፈልገው አንተን ነው! ና በቃ፣ ሥራው ቢቀር ይቅር፣ እፈትልልሃለሁ፣ ጾምህን አታድርም፤ ብቻ ና!" እያልኩ መንገድ ላይ ጮኽኩ። ሰው ዞሮ ያየኛል።

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝና "ሃሎ፣ ሃሎ" አልኩ። ሲተነፍስ ሰማሁት።

"እሺ እትዬ፣ እመጣለሁ" አለኝ። ሊቢያ የሚሄደው መኪና በዚያው ሳምንት እሱን ጭኖ እንደወጣ የነገረኝ ካርቱም አብሮት የነበረ ልጅ ነው፤ ወንድሜ ከዚያ ወዲህ አልደወለም።