ክላውድ ላይ የወጣው ሮስተር

እትዬ ዘውድነሽ ከደብረ ሲና ብርድ ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ወርደው፣ በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የተማሪ ሮስተር የጻፉ ሴት ናቸው። በ2010 ዓ.ም. የአይሲቲው መምህር ሚልኪያስ የውጤት ድረ ገጽ ሠራ። ፕሮግራሙን ኮንቴይነር በሚባል ጥቅል አሽጎ ክላውድ ላይ፣ ማለትም ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ጫነው። ዘውድነሽም በአንድ ጣታቸው እየለቀሙ ዓመት ሙሉ የሃያ ሁለት ዓመቱን ውጤት አስገቡበት። የወረቀቱን ሮስተር ርዕሰ መምህሩ «ቦታ አጣበበ» ብለው ለባለሱቁ ለማሕሙድ፣ ለመጠቅለያ ሰጡት።

አንድ ሰኞ ሚልኪያስ ገጹን አሳምሮ አዲስ ጥቅል ጫነና አሮጌውን አጠፋው። ውጤቱ ለካ የተቀመጠው አሮጌው ጥቅል ውስጥ ኖሯል፤ አብሮ ጠፋ።

«ገጹስ አምሮበታል» አሉ ዘውድነሽ። «ልጆቼ የት አሉ?»

«እትዬ፣ ውጤቱን ከጥቅሉ ውጭ ማስቀመጥ ነበረብኝ። ረሳሁት።»

«እኔ ጋ አይጥ ነበር የሚበላው። አይጥ እንኳ ያስተርፋል።»

በቀጥታ ማሕሙድ ሱቅ ሄዱ። እሱ ለአንዲት ደንበኛ ስኳር እየጠቀለለ ነበር፤ በእሳቸው እጅ ጽሑፍ።

«የቀረውን ስጠኝ፣ ማሕሙድ።»

«ወላሂ፣ እትዬ፣ የመጨረሻዋ ይቺ ናት።»

ስኳሩን በፌስታል አስገልብጠው ወረቀቷን ተቀበሉ። ከሃያ ሁለት ዓመት ድካማቸው የተረፈው የአሥራ አንድ ልጆች የሒሳብ ውጤት ነበር።