ሁሩታዎች በቀስታ የመቱት ኳስ

በሞራ የታሸ የኳስ ቆዳ ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልጠፋም። በጃንሆይ ዘመን አባዬ አሰላ ውስጥ አስተማሪ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ የከተማው ቡድን በረኛ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሲደርቅ እኛና የጎረቤት ከተሞቹ ኢተያ፣ ሁሩታና ዴራ በየተራ እንጋጠማለን። እንግዶቹ የሚመጡት በእህል መኪና ላይ ተጭነው ስለሆነ ሲወርዱ ፀጉራቸው ሳይቀር የስንዴ ብናኝ ለብሶ ነው። መጀመሪያ ትንንሾቹ፣ ቀጥሎ ትልልቆቹ ይጫወታሉ። ሁሉም ከሁሉም ጋር አንዴ በሜዳው፣ አንዴ በሰው ሜዳ ይገናኛል፤ በነጥብ የበለጠው ከተማ ዋንጫውን ይዞ ይከርማል።

የዚያ ዓመት የመጨረሻ ጨዋታችን ከሁሩታ ጋር ነበር፤ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። ያን እሑድ ረፋዱ ላይ አንድ ዘመዳችን ከጎጃም መጣ። ቤታችን ግን አልገባም፤ የቡድኑ አምበል ወደነበረው ወደ ጋሽ ከድር ጨርቅ መሸጫ ሄደ። የአባዬ እናት ሞተዋል። መርዶ ደግሞ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው።

ጋሽ ከድር ለእናቴ በሹክሹክታ ሲነግራት ቀሚሷን ይዤ ቆሜ ነበር።

«ጨዋታውን ብናስቀረው ነገሩ ይገባዋል። ወላሂ፣ እንደ ሁልጊዜው ይጫወት፤ ነገ ንጋት ላይ እንነግረዋለን» አላት።

እናቴ ዝቅ ብላ አየችኝና «እንባሽን ዋጥ አድርጊው፣ አደራ» አለችኝ። ዋጥኩት። ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማኝም፤ ደነዘዝኩ።

ወሬው ከአባዬ በቀር ሜዳ ለወጣው ሰው ሁሉ ደርሶ ነበር፤ ለሁሩታዎችም ጭምር። ጣጣው የመጣው በዚያ ነው። ሌላ ጊዜ የግቡን ቋሚ የሚያንቀጠቅጡት አጥቂዎች ኳሷን በቀስታ እየገፉ እጁ ላይ ያስቀምጡለት ጀመር። የእኛ ልጆች ግብ ሲያገቡ እንኳ አንድም ሰው አልጨፈረም።

በእረፍት ሰዓት አባዬ ኳሷን እንደታቀፈ ወደ ተቀመጥኩበት መጣ።

«ማነው?» አለኝ።

ዓይኔን ጫማው ላይ ጣልኩ።

«እናቴ ናት?»

ዓይኔን ከዚያ አላነሳሁም። ራሴን ዳበስ አደረገኝና ወደ ግቡ ተመለሰ። እስከ መጨረሻው ተጫወተ። አሸነፍን። ዋንጫውን ከጋሽ ከድር ጋር ተሸክሞ ፎቶ ሳይቀር ተነሳ፤ ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ሲነጋጋ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። የሁሩታው አምበል ከመኪናው ቀርቶ አሰላ አድሮ ነበርና እሱም አብሯቸው ነበር። አባዬ በር ከፍቶ «ምነው፣ በደህና?» አላቸው። ሲነግሩት ገና እንደሰማ ሰው ደረቱን እየደቃ ጮኸ። የዚያን ሁሉ ሰው ልፋት ከንቱ ሊያደርግ አልፈለገም። ማወቁን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም የዚያን ጊዜ አለቀስኩ።

ባለፈው ዓመት የታላቅ ወንድሜ ሞት በስልክ መልእክት ደረሰኝ። ገበያ መሃል ቲማቲም እየመረጥኩ ነበር። ልክ እንደዚያ እሑድ ደነዘዝኩ። ሻጯ «ስንት ኪሎ ላድርግልዎ፣ እማማ?» አለችኝ።

«ሁለት» አልኳት። ዙሪያዬን አየሁ፤ መርዶዬን ከእኔ ቀድሞ የሚያውቅልኝ አንድም ሰው አልነበረም።