ድፍኑን ሳጥን የበሳው

የበደለኝ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው፤ ባሌ በሞተ በሁለተኛው ወር፣ ገና ጥቁሬን ሳላወልቅ። ሳሎኔ የነበረውን ሳብዎፈር፣ ወፍራሙን የቤዝ ድምፅ የሚያወጣውን ባለሳጥን ስፒከር፣ ለጥቂት ቀን ብሎ ተዋሰኝ። አልመልስ ሲለኝ ቤቱ ብሄድ ሳጥኑን በስቶት አገኘሁት።

ሳጥኑን የሠራው ባሌ ነው። የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር። ኮምፔንሳቶውን ራሱ ቆርጦ፣ መጋጠሚያውን ሁሉ በኮላ ደፍኖ፣ አየር እንዳያስወጣ አድርጎ ዘጋው። የስፒከሩን ወረቀት በመዳፌ ቀስ ብዬ እንድጫን ያደርገኝና፣ «አየሽ፣ ሲመለስም ቀስ ብሎ ነው። ውስጥ ያለው አየር ይዞታል» ይለኝ ነበር። ያ ሳጥን አያጓራም። ቤዙ ይመታል፣ ወዲያው ያቆማል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤት ሲያስገባ የባሌን ካሴቶች እከፍት ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር። ከእሱ የቀረኝ ይኸው ነበር።

ወንድምየው ጡጫ የሚያህል ቀዳዳ በመጋዝ ቆርጦ የፕላስቲክ ቱቦ ሰክቶበታል። ለምን ብዬ ብጠይቀው ሳቀ።

«አቦ እትዬ፣ ታፍኖ ነበር እኮ። አስተነፈስኩት። አሁን ግድግዳ ያንቀጠቅጣል።»

ሚስቱም ሳቀች። ማንቀጥቀጡን ያንቀጠቅጣል፤ ግን ዘፈኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ጉርምርምታ ሆኗል። ባለቀዳዳ ሳጥን መጥፎ ነው አልልም። የሳጥኑ ስፋትና የቱቦው ርዝመት ለስፒከሩ ተለክቶ ከተሠራ በትንሽ አምፕሊፋየርም ብዙ ይጮኻል። እሱ ግን የለካው በዓይኑ ነው።

ለራሴ ሌላ ልገዛ መጋላ ገበያ ሄድኩ። ሻጩ፣ «አንቺ እናት፣ ባለቀዳዳውን ውሰጂ፤ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማሻል» አለኝ። ሰፈሩ እንዲሰማኝ አልፈለግኩም። ድፍኑን ገዛሁ። ጥሩ ነው፤ የባሌን ግን አይሆንም።

ዓመት ሳይሞላ ወንድምየው ልጁን ዳረ። የተበሳውን ሳጥን ድንኳን ውስጥ አቁሞ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻ ብከፍተው ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ባሌ አስተምሮኛል፦ ለድፍን ሳጥን የተሠራ ስፒከር፣ አየር ካልያዘው፣ ሲበዛበት ይዘላል፣ ወረቀቱም ይቀደዳል። የባሌ ስፒከር እንደሚጠፋ አውቄያለሁ። ለእኔ ግን የጠፋው በተበሳበት ቀን ነው።

«የወንድምህ እጅ ሥራ ነው፤ ይችላል» አልኩት።

ሙሽሮቹ ሲገቡ ከፈተው። ሁለት ዘፈን አልጨረሰም። ኳ፣ ኳ አለና ወረቀቱ ተተረተረ። ጭፈራው ቆመ። ከአማቾቹ ወገን አንድ ሽማግሌ፣ «ምነው፣ ጉንፋን ያዘው እንዴ?» ብለው ሰውን አሳቁ። ወንድምየው ላቡን እየጠረገ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ምግቤን በላሁ።

ለመልሱ አዲሱን ሳብዎፈሬን እንድትዋስ ሚስቱን ላከ። አልሰጥም አልኳት። በሩን ዘጋሁ።